ላንድሮቨር ከፍ ያለ ባሌስትራ ሲገጠምለት ስለ ምን ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል?

ባለፈው ክረምት አንድ ዘመዴ ለአሮጌ ላንድሮቨሩ ከመሬት ከፍ የሚያደርጉ አዲስ ባሌስትራዎች አስገጠመ። መኪናው ከፍ አለ፤ ነገር ግን በሾፌሩ በኩል ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ቆመ። መካኒኩ ከፍ ያለውን ባሌስትራ በእሳት አግሎ ዝቅ ሊያደርገው አሰበ፤ ዘመዴም ሌላ ባሌስትራ የሚገዛበት ገንዘብ ይፈልግ ጀመር። ምክንያቱን ግን ማንም አልመረመረም ነበር።

ባሌስትራ የሚወርደው በተጫነበት ክብደት መጠን ነው። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ሚሊሜትር ለመውረድ 3 ኪሎ የሚጠይቅ ባሌስትራ 36 ኪሎ ትርፍ ቢጫንበት 12 ሚሊሜትር ይወርዳል። መኪና ደግሞ በግራና በቀኝ እኩል አይከብድም፤ ሾፌሩ ዘወትር በአንድ ወገን ይቀመጣል። ስለዚህ ከ1948 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ከተሠሩት ባለ ባሌስትራ ላንድሮቨሮች በብዙዎቹ፣ የሾፌሩ ወገን ባሌስትራ ከተሳፋሪው ወገን ይበልጥ የጐበጠ ነበር። አዲሶቹ እኩል ከሆኑ ፋብሪካው ያካካሰው ልዩነት ይገለጣል፤ ግራና ቀኛቸው ተለዋውጦ ከገባ ደግሞ ማዘንበሉ ይብሳል።

ሁለተኛው ምክንያት ቦኮላ ነው። በባሌስትራው ጫፍ ያለው ቦኮላ በብረት መካከል የተጣበቀ ጎማ ነው። መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ ቡሎኑ ከታሰረ፣ መኪናው ሲወርድ ጎማው ይጠመዘዝና ባሌስትራው እንደ ልቡ እንዳይወርድ ይይዘዋል።

ምርመራው እንደሚከተለው ነው፤

1ኛ/ መኪናውን በተስተካከለ መሬት ላይ ያለ ጭነት አቁሞ፣ ከመንኮራኩሩ መካከል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በአራቱም ማዕዘን መለካት። የጎማው ነፋስ ማነስ በዚህ ልክ ውስጥ አይገባም።

2ኛ/ የቦኮላዎቹን ቡሎኖች አላልቶ መኪናውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋት፤ ክብደቱ በእግሮቹ ላይ እንዳለ አጥብቆ እንደ ገና መለካት።

3ኛ/ ልዩነቱ ካልጠፋ የግራና የቀኙን ባሌስትራ ማለዋወጥ። ዝቅታው ወደ ሌላው ወገን ከዞረ ሁለቱ ባሌስትራዎች እኩል አይደሉም፤ በቦታው ከቀረ ምክንያቱ በጭነቱ ወይም በሻንሲው ነው።

በዘመዴ መኪና ቡሎኖቹ ሲላሉ ልዩነቱ ጥቂት ቀነሰ። ባሌስትራዎቹ ወጥተው ጐን ለጐን ሲታዩ ይበልጥ የጐበጠው በተሳፋሪው በኩል ገብቶ ተገኘ። ተለዋወጡ፤ መኪናውም ቀና፤ አዲስ ዕቃም አልተገዛም።

በእሳት ማጋሉስ? የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ በተለካ ሙቀት ነው። ባልተለካ እሳት ሲግል ያን ጥንካሬ ያጣል፤ በጉዞ ላይም ሊሟሽሽ ወይም ሊሰበር ይችላል። ያን ቀን በሜትር የተደረገው ልኬት ከገንዘቡ ይልቅ ተሳፋሪዎቹን ጠብቋል።