ወረቀቱ እስኪታረም

ወገኖቼ፣ ከሮተርዳም ሆኜ ሥራ የምጠይቀው በሴት ስሜ ነው፤ መታወቂያዬ ግን ዛሬም «ወንድ» ይላል። አምስተርዳም አንድ ቀጣሪ ፊቴንና ወረቀቱን እያፈራረቀ አይቶ «እንደውላለን» አለኝ። አልደወለም።

ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ኔዘርላንድስ የመዝገብ ፆታ ለማስቀየር ቀዶ ሕክምና አትጠይቅም፤ የባለሙያ ማረጋገጫ ይበቃል። የሚታረመው ግን የልደት መዝገብ ነው፤ ውጭ አገር የተወለደ ሰው መጀመሪያ ልደቱን ዘ ሄግ ማዘጋጃ ቤት ያስመዘግባል። አገራችን ደግሞ የልደት ምዝገባን በመላ አገሪቱ የጀመረችው በ2016 ነው! እኔ ከክርስትና ስም በቀር ምን አለኝ? ማስረጃ የሌለው ጉዳዩን ለዘ ሄግ ፍርድ ቤት ያቀርባል።

እስከዚያው ከማመልከቻ ጋር የመታወቂያ ቅጂ አታያይዙ። ቀጣሪ ቅጂውን መያዝ ያለበት ሲቀጥር ነው። መድልዎ ከደረሰባችሁ ለሰብአዊ መብት ተቋሙ ያለ ክፍያ አቤት ማለት ይቻላል። እኔም ብያለሁ።