«ናቹራል ነው» ሲሉን ምን እያሉን ነው?

የመቄት ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ፍላቂት፣ ከወልድያ ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ዳር ተቀምጦ ስልኩን የከፈተ ሰው በአንድ ቀን ብዙ ነገር ይቀርብለታል። አያት አካባቢ የሚሸጥ ባለሦስት መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ የሙሽራ ቀሚስ ኪራይ፣ ቦርጭ በሁለት ሳምንት የሚያጠፋ ሻይ፣ ራሰ በራ ላይ ፀጉር የሚያበቅል ቅባት። ከሥሩም «ካሉበት በነጻ እናደርሳለን» ይላል። ተደውሎ ሲጠየቅ «ካሉበት» የተባለው አዲስ አበባ ውስጥ ላለ ሰው ነው። ከእኛ እስከዚያ ደግሞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

በዚህ እንስቃለን። የሙሽራ ቀሚሱ ማንንም አይጎዳም፤ አይቶ ማለፍ ነው። የማያስቀው ግን የጤና ማስታወቂያው ነው። ከነርስነት ሥራዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የደም ግፊት የሚያስለካኝ ጎረቤት ቀንሶ፣ ስልኩን ይዞ የሚመጣው በዝቷል። «ሲስተር፣ እስቲ ይህን እዪልኝ፤ እውነት ይሆን?» ይሉኛል። ጥያቄው ስለሚደጋገም ለወላጆችና ለአያቶች ሁሉ በአንድ ላይ መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው።

ማስታወቂያው እኛ ጋ ለምን መጣ?

ብዙ ሰው «ስልኬ ያወራሁትን ሰምቶ ነው» ይላል። የአብዛኛው ምክንያት ግን ከዚያ የቀለለ ነው። እንደ ፌስቡክ ባለ መድረክ ላይ ከፍሎ የሚያስተዋውቅ ነጋዴ፣ ማስታወቂያው ለማን እንዲታይለት እንደሚፈልግ ራሱ ይመርጣል፤ አገሩን፣ ከተማውን፣ ዕድሜውን፣ ፆታውን። ለመምረጥ ያልተጨነቀ ነጋዴ «ኢትዮጵያ፣ ከ18 ዓመት በላይ» ብሎ ያልፋል። በዚህ ውስጥ የቦሌው ወጣትም አለ፤ የመቄቷ አያትም አሉ።

ሁለተኛው ምክንያት የቦታ ስህተት ነው። በሞባይል ዳታ ስንጠቀም ግንኙነታችን የሚያልፍበት የኔትወርክ አድራሻ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባን ያሳያል። ስለዚህ ማስታወቂያ አከፋፋዩ እኛን የአዲስ አበባ ሰው አድርጎ ሊቆጥረን ይችላል።

ሦስተኛው የእኛው የአኗኗር ጉዳይ ነው። በብዙ ቤት አንድ ስልክ ለቤተሰቡ ሁሉ ነው። የልጅ ልጅ ጫማ ሲያይበት ይቆይና፣ አያት ሲከፍቱት ጫማ ይዘንባል። አያት ደግሞ ስለ ጉልበት ሕመም የሚያወራ ቪዲዮ ላይ ትንሽ ከቆዩ፣ መድረኩ ያንን መዝግቦ በማግሥቱ የጉልበት ቅባት ይደረድርላቸዋል። መክፈትና መቆየት «ይህን ወደድኩት» እንደማለት ይቆጠራል።

በቴሌግራም ቻናል ማንም ያሻውን ይለጥፋል፤ ሰው ሳይጠየቅም ወደ ግሩፕ ይጨመራል። ጂጂን በመሳሰሉ የመገበያያ ገጾች ዕቃው በየትኛው መደብ ሥር እንደሚወጣ የሚመርጠው ሻጩ ነው። ሻጩ ያለቦታው ከለጠፈው፣ የውበት ቅባት ከሕክምና ዕቃ ጎን ሊቀመጥ ይችላል፤ የሚያየው ሰውም መድኃኒት ይመስለዋል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለአንድ ነገር ነው። በገበያችን ቅቤ ሻጯ ማን ፊቷ እንደቆመ ታያለች፤ ገዢውም አሽትቶና ቀምሶ ይገዛል። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል። የስልኩ ማስታወቂያ ግን «ለእርስዎ የተመረጠ» ቢልም፣ የላከው ሰው ዕድሜያችንን እንጂ ሕመማችንን አያውቅም፤ የምንውጠውን መድኃኒት አያውቅም። ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦብን የቆየን ሰዎች ስለሆንን፣ ሲመለስ ያመጣውን ሁሉ በጉጉት መቀበላችን አይፈረድብንም። አሁን ግን ማበጠር አለብን።

ብዙ ከመነገራቸው የተነሣ ያለቁ ቃላት

ቃልም እንደ ብር ኖት ብዙ እጅ ሲያልፍ ይደበዝዛል። «ኦርጅናል» ድሮ እውነተኛውን ከአስመሳዩ የምንለይበት ቃል ነበር፤ ዛሬ «ኦርጅናል ኮፒ» የሚባል ዕቃ ይሸጣል። «ፕሪሚየም»፣ «ቪአይፒ»፣ «ስማርት» እንዲሁ ናቸው። ለጫማና ለሶፋ ሲባሉ ጉዳታቸው ከኪስ አያልፍም። ለሚዋጥና ለሚጠጣ ነገር ሲባሉ ግን በደንብ መመርመር አለባቸው።

«ናቹራል» ማለት ከተፈጥሮ የተገኘ ማለት ነው፤ የማይጎዳ ማለት አይደለም። ጓያ ከመሬት በቅሎ፣ ያለ ፋብሪካ የሚበላ እህል ነው። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ያሽመደምዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። ኮሶም ናቹራል ነው፤ መጠኑ ሲያልፍ ምን እንደሚያደርግ አባቶቻችን ያውቁታል።

«ኬሚካል የሌለው» የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም። ውኃም ጨውም ኬሚካል ናቸው። ከተክል የተገኘና ከፋብሪካ የወጣ የሚባለው ልዩነትም እንደሚወራው አይደለም። ኪኒን የተገኘው ከሲንኮና ዛፍ ልጣጭ ነው። ለወባ የምንሰጠው ኮአርተም ውስጥ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ መነሻው በቻይና ለዘመናት የታወቀ ተክል ነው። ልዩነቱ እነዚህ መጠናቸው ተለክቶ፣ በብዙ ሰው ላይ ተሞክረው፣ ጉዳታቸውም ተጽፎ መቅረባቸው ነው።

«የጎንዮሽ ጉዳት የሌለው» የሚለውን ስትሰሙ ተጠንቀቁ። አካል ላይ ለውጥ የሚያመጣ መድኃኒት ሁሉ ላንዳንድ ሰው የማይስማማ ነገር አያጣም። ጉዳቱን ያልጻፈ ሻጭ ወይ አልመረመረም ወይ ደብቋል።

«ዲቶክስ» ከሰውነት መርዝ ያስወጣል ይባላል። ይህን ሥራ ጉበትና ኩላሊት ቀን ከሌት ይሠሩታል። የታመመ ጉበትና ኩላሊትን ደግሞ ያልታወቀ ቅጠል ይበልጥ ሊጎዳው ይችላል። «ኢሚዩኒቲ ቡስተር» የሚለው በተለይ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ከገባ ወዲህ በየማስታወቂያው ተለጠፈ። ሰውነት ለይቶ የሚዋጋውን በሽታ የሚያስተምረው ክትባት ነው፤ ከዚያ በተረፈ ጥሩ ምግብ፣ እንቅልፍና ንጽሕና ነው። ሁሉን በሽታ የሚመክት ዱቄት የለም።

«ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውም አለ። ዋጋውን በአደባባይ የማይናገር ሻጭ ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ጭንቀቱ መጠን ሊጠይቀው ይችላል።

ደጋግመው የሚመጡልኝ አራት ጉዳዮች

የመጀመሪያው የግፊትና የስኳር «መፈወሻ» ነው። አንድ የሠፈራችን አዛውንት አዲስ አበባ ያለ ልጃቸው በፍቅር ገዝቶ የላከላቸውን የቅጠል ሻይ እየጠጡ፣ ለሁለት ወር የግፊት ክኒናቸውን ተዉት። «አንዳች አላመመኝም» ነበር የሚሉት። ስለካቸው 190 በ110 ሆነ። የደም ግፊት ክፋቱ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። ጤነኛ ነኝ እያሉ ስትሮክ ይመጣል፤ ልብና ኩላሊት ይጎዳል። ደግነቱ በዚያው ዕለት ወደ ሕክምና ሄደው ክኒናቸውን ቀጠሉ። ስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊኑን ካቋረጠ ደግሞ አደጋው በቀናት ውስጥ ሊደርስ ይችላል። ክኒን የሚቀየረውም የሚቆመውም ባዘዘው ባለሙያ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የጉልበትና የወገብ ሕመም መድኃኒት ነው። «ዕፅዋት ብቻ» ተብሎ የሚሸጥ ነገር ፈጥኖ ሲያሽር ደስ ከማለት ይልቅ መጠርጠር ይገባል። በ2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር «አርትሪ ኪንግ» በሚል ስም በኢንተርኔት ስለሚሸጥ የመገጣጠሚያ ማሟያ ሕዝቡን አስጠንቅቆ ነበር። ሲመረመር ማሸጊያው ላይ ያልተጻፉ ዲክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን ተገኙበት። ዴክሳሜታዞን ስኳርንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ለረጅም ጊዜ ተወስዶ በድንገት ሲቋረጥም ለሕይወት ያሰጋል። ዲክሎፌናክ ደግሞ ጨጓራን ያደማል፤ ኩላሊትን ይጎዳል። ሰውየው ቅጠል የጠጣ ይመስለዋል፤ የጠጣው ግን ሐኪም በጥንቃቄ የሚያዘውን መድኃኒት ነው።

ሦስተኛው «ሞራን ያለ ቀዶ ሕክምና የሚገፍ» የዓይን ጠብታ ነው። በአገራችን በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተደረገው ብሔራዊ ጥናት እንዳሳየው ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ መንስኤው የዓይን ሞራ ነው። ሞራ የደፈረሰ የዓይን ሌንስ ነው፤ በጠብታ አይጠራም። የሚድነው በቀዶ ሕክምና ነው፤ ሥራውም አጭር ነው። ጠብታ ሲሞክሩ የሚያልፈው ዓመት የልጅ ልጅን መልክ ሳያዩ የሚያልፍ ዓመት ነው። ብሩን ለጠብታ ከማውጣት ለትራንስፖርት ይዞ ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ይሻላል።

አራተኛው የሕፃናት ዱቄት ወተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ተተኪዎች እንዴት መሸጥ እንዳለባቸው የሚደነግገውን ዓለም አቀፍ ደንብ ያጸደቀው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለሕዝብ ማስተዋወቅን ይከለክላል። ሆኖም ድርጅቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ኩባንያዎቹ በማኅበራዊ ሚዲያ በኩል ነፍሰ ጡሮችንና ወላዶችን በቀጥታ እያገኙ መሆኑን ገልጿል። «ለአእምሮ ዕድገት»፣ «ለእናት ወተት የቀረበ» የሚሉት ቃላት ያደከማትን እናት ይፈትናሉ። ጡት እስከ ስድስት ወር ብቻውን ይበቃል፤ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይቀጥላል። ንጹሕ ውኃ በሚቸግርበት ቤት ጡጦ ተቅማጥ ይዞ ይመጣል። ወተቴ አነሰ የምትል እናት መጀመሪያ የምታማክረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ወይም ጤና ጣቢያዋን ይሁን።

ብር ከመላካችሁ በፊት

በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብር መላክ የጣት ሥራ ሆኗል። ስለዚህ ጣታችን ከመንካቱ በፊት እነዚህን እንጠይቅ።

በውስጡ ያለው ምንድን ነው? ስሙና መጠኑ ካልተጻፈ አይዋጥም። ማን አመረተው፣ የሻጩ ሱቅ የት ነው? ስልክ ቁጥር ብቻ አድራሻ አይደለም። ደረሰኝ አለው? ደረሰኝ የማይሰጥ ሰው ነገ አልሸጥኩም ሊል ይችላል። በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመዝግቧል? የተጠራጠሩትን ነገር በባለሥልጣኑ ነጻ የስልክ መስመር 8482 ደውሎ መጠየቅና መጠቆም ይቻላል። አሳሳች ማስታወቂያን የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ይከለክላል፤ መድኃኒትን በተመለከተም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ። ሕግ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሕጉ ከመድረሱ በፊት ክኒኑ ጉሮሮ ሊያልፍ ስለሚችል የመጀመሪያው ጠባቂ ገዢው ነው።

«ሦስት ፍሬ ብቻ ቀርቷል»፣ «ዛሬ ማታ ያበቃል» የሚለው ደግሞ እንዳናስብ ለማጣደፍ ነው። በእውነት የሚጠቅም መድኃኒት ነገም ጤና ጣቢያው ውስጥ ይገኛል። አንድ ሌሊት አሳድሩት፤ ጠዋት ላይ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆኖ ይታያችኋል።

ለልጆችና ለልጅ ልጆች

በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር ያላችሁ ልጆች፣ ለእናት ለአባታችሁ መድኃኒት ነክ ነገር ከመላካችሁ በፊት ደውላችሁ «ምን ክኒን ነው የምትወስዱት?» በሏቸው። የያዙትን ክኒን ስም ለባለሙያ አሳዩና «ይህ ከዚያ ጋር ይስማማል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሻይ ይልቅ የግፊት መለኪያ ብትልኩላቸው ይበልጥ ይጠቅማቸዋል።

አብራችሁ የምትኖሩ የልጅ ልጆች ደግሞ አሥር ደቂቃ ሰጥታችሁ የአያታችሁን ስልክ አስተካክሉ። ፌስቡክ ላይ ከማስታወቂያው ጎን ያሉትን ሦስት ነጠብጣቦች ነክታችሁ ማስታወቂያውን ደብቁ፤ ይህ ለምን እንደታየ የሚያስረዳውንም አንብቡላቸው። ቴሌግራም ላይ በምሥጢር መጠበቂያው ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ፣ ወደ ግሩፕ ሊጨምራቸው የሚችለው በስልካቸው የተመዘገበ ሰው ብቻ እንዲሆን አድርጉ። የቴሌብር ምሥጢር ቁጥራቸውን ለማንም እንዳይናገሩም አስታውሷቸው።

አያቶችም ልጆቹን ለመጠየቅ አትፈሩ። የልጅ ልጅ ስልኩን ያውቃል፤ አያት ደግሞ ሰው ያውቃሉ። ማስታወቂያን አንድ ላይ ተቀምጠው ካነበቡት፣ ልጁ ቃሉን ይተረጉማል፤ አያቱ ደግሞ ነጋዴው ሳይናገር የዘለለውን ይጠይቃሉ።