በብርሃን የሚነበብ የደም ምርመራ



በአንድ ጠብታ ደም ውስጥ እጅግ ብዙ ዓይነት ፕሮቲን ይገኛል። በሽታን የሚከላከለው፥ ኦክሲጅንን ከሳንባ ተሸክሞ ወደ ሰውነት የሚያደርሰው፥ ቍስል ሲደርስ ደምን የሚያረጋው ሁሉ ፕሮቲን ነው። የአንዱ መብዛት ወይም መጕደል ለሐኪም ምልክት ይሆነዋል። ዳሩ ግን ፕሮቲን ረቂቅ ስለ ሆነ፥ እንኳን በዓይን በተራ ማይክሮስኮፕም አይታይም። እንግዲህ ይህን ረቂቅ ነገር ሊቃውንት በብርሃን አማካይነት ለመለካት እንዴት እንደ ቻሉ፥ ውጤቱስ ምን ያህል እንደሚታመን በዛሬው ንግግራችን ባጭሩ እናስረዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1845 ዓ. ም. ጆን ኸርሽል የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ፥ ኵዊኒን የተባለው የወባ መድኀኒት የሟሟበት ፈሳሽ ራሱ ቀለም የሌለው ሲሆን፥ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ሰማያዊ ብርሃን እንደሚያሳይ ተመለከተ። በ1852 ዓ. ም. ጆርጅ ስቶክስ የነገሩን ጠባይ አስረድቶ ፍሎሬሰንስ ብሎ ሰየመው። ይኸውም እንዲህ ያለው ነገር የተቀበለውን ብርሃን መልሶ ሲሰጥ፥ የሚሰጠው ብርሃን ከተቀበለው ይልቅ ሞገዱ ረዘም ያለ፥ ቀለሙም የተለወጠ ይሆናል ማለት ነው። ቀለሙ ስለ ተለወጠም፥ የገባውን ብርሃን በማጣሪያ ከልክሎ የወጣውን ብቻ ለይቶ ማየት ይቻላል።

ይህን ጠባይ ለሕክምና ያዋለው አልበርት ኩንስ ነው። እርሱና ባልደረቦቹ በ1941 ዓ. ም. በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሚያበራ ቀለም ከአንቲቦዲ ጋር አያያዙ። አንቲቦዲ ማለት ሰውነት ባዕድ ነገርን ለመከላከል የሚያበጀው፥ ቍልፍ ለራሱ መክፈቻ እንደሚገጥም ሁሉ የራሱን ተጓዳኝ ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። ቀለም ያለበት አንቲቦዲ በሄደበት ሁሉ ብርሃኑ ያለበትን ስፍራ ያመለክታል።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ብዙውን ባንድ ጊዜ የመመርመር ዘዴ ነው፤ ስሙም የፕሮቲን ማይክሮአሬይ ይባላል። ወርዱ 25፥ ቁመቱ 75 ሚሊሜትር ያህል በሆነ የመስተዋት ሰሌዳ ላይ ልዩ ልዩ ፕሮቲኖች በጥቃቅን ነጠብጣብ ተራ በተራ ይታተማሉ። በመዝገብ ቤት እያንዳንዱ ፋይል የራሱ ቍጥርና መደርደሪያ እንዳለው፥ እያንዳንዱም ነጠብጣብ የታወቀ ስፍራ አለው። በ2000 ዓ. ም. ጋቪን ማክቤዝና ስቱዋርት ሽራይበር 10,799 ነጠብጣብ ከአንድ ዓይነት ፕሮቲን፥ 1 ብቻ ከሌላ ዓይነት አትመው፥ ያች አንዲት ከሁሉ መካከል በብርሃኗ ተለይታ እንደምትገኝ አሳዩ።

በምርመራው ጊዜ የበሽተኛው ሴረም፥ ማለት የደሙ ውሃ፥ በሰሌዳው ላይ ይፈስሳል። ተጓዳኙን ያገኘ ይያዛል፤ ያላገኘው ታጥቦ ይሄዳል። ከዚያም የሚያበራው አንቲቦዲ ይጨመርና ሰሌዳው ዳግመኛ ይታጠባል። በመጨረሻ የሌዘር ብርሃን ይበራበታል፤ ሲ ዋይ 3 ለተባለው ቀለም 532፥ ሲ ዋይ 5 ለተባለው 635 ናኖሜትር ያህል የሞገድ ርዝመት ያለው ማለት ነው። መሣሪያውም የእያንዳንዱን ነጠብጣብ ድምቀት ብዙውን ጊዜ ከ0 እስከ 65,535 ባለው ቍጥር ይመዘግባል።

ነገር ግን የሚያበራው ሁሉ እውነተኛ ምስክር አይደለም። መስተዋቱ ራሱ በጥቂቱ ያበራል፤ በደንብ ያልታጠበ ቀለምም ያሳስታል። ድምቀቱ ከቍጥሩ ጣሪያ ከደረሰ፥ ብዙውን ከእጅግ ብዙው መለየት አይቻልም። ሲ ዋይ 5 በአየር ውስጥ ባለ ጥቂት ኦዞን ይደበዝዛል። ከሁሉ የሚብሰው ግን አንቲቦዲው ራሱ ተጓዳኙን ስቶ ሌላ ሲይዝ ነው። በ2001 ዓ. ም. ብራያን ሐብና ባልደረቦቹ 115 ጥንድ አንቲቦዲና አንቲጂን በሁለት ቀለም ሲፈትኑ፥ በዝቅተኛ መጠን በትክክል የለኩት ከታተሙት አንቲጂኖች እኩሌታው፥ ከታተሙት አንቲቦዲዎች ደግሞ 20 በመቶው ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ጠንቃቃ መርማሪ በሰሌዳው ላይ ማብራት የሚገባቸውንና ፈጽሞ ማብራት የማይገባቸውን ነጠብጣቦች አስቀድሞ ያኖራል፤ አንዱንም ፕሮቲን ደጋግሞ ያትማል።

ይህ ጥንቃቄ ለምን እንዳስፈለገ ከአለርጂ ምርመራ እንረዳለን። ከ30 ማይክሮሊትር ሴረም 112 የአለርጂ ፕሮቲኖችን ባንድ ጊዜ የሚመረምር ሰሌዳ ተሠርቷል። ኦቾሎኒ ሲበላ ትንፋሹ ለሚያጥረው ሕፃን ትክክለኛው መልስ ሕይወቱን ያድናል፤ የተሳሳተው ግን ወይ ለአደጋ ያጋልጠዋል፥ ወይም የሚስማማውን ምግብ በከንቱ ያስከለክለዋል። ደግሞም ብርሃኑ በደሙ ውስጥ አንቲቦዲ መኖሩን ይናገራል እንጂ፥ ሕፃኑ መታመሙን አይናገርም፤ አንቲቦዲው ኖሮበት ምግቡን በደኅና የሚበላ ሰው አለና። ስለዚህ ሐኪሙ ቍጥሩን ከበሽተኛው ታሪክ ጋር ያመዛዝናል። ብርሃኑ ምስክር ነው፤ ፍርዱ ግን የሐኪሙ ነው።