«ዳኛ ሌባ!» ከማለታችን በፊት

ሮቤም ሆነ ጎባ ኳስ የሚታይበት ቤት ግቡ፤ ፔናልቲ በተሰጠ ቁጥር «ተሸጧል!» የሚል አይጠፋም። ድሮ ንዴት ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ስንቱ ተናጋሪ የቤቲንግ ትኬት በኪሱ ይዟል።

በእርግጥ የሸጠ ዳኛ ማየት የፈለገ የጋናውን ጆሴፍ ላምፕቴ ያስታውስ። ኅዳር 2009 ዓ.ም.፣ ፖሎክዋኔ፣ ደቡብ አፍሪካ ከሴኔጋል፣ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ። ኳሷ የኩሊባሊን ጉልበት ስትመታ ሰውየው «እጅ ነው» ብሎ ፔናልቲ ሰጠ! ደቡብ አፍሪካ 2ለ1 አሸነፈች። የሚገርመው፣ ሴራው ማን ያሸንፍ አልነበረም፤ ስንት ጎል ይግባ ነው። ዋናው ማስረጃም የውርርዱ ገበያ ያለወትሮው መናወጡ ሆነ። ፊፋ ላምፕቴን ዕድሜ ልክ አገደው። ጨዋታው ኅዳር 2010 ተደግሞ ሴኔጋል 2ለ0 አሸነፈችና ሩሲያ ገባች።

እኛ ጋስ? ሚያዝያ 2010 መከላከያና ወልዋሎ ሲጫወቱ ባጨቃጨቀች አንዲት ጎል ዳኛው ተደብድቦ ፕሪሚየር ሊጉ ተቋረጠ። ቡጢ እንኳ ሌባውን ከተሳሳተው ለይቶ አያውቅም። ይልቅ ፌዴሬሽኑን እንጠይቀው፦ በእኛ ሊግ ላይ የሚቆረጠውን ትኬት የሚከታተል ሰው አለህ ወይ?