ጠባቧ ጅረት

ከጎንደር ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ፣ ደጋውን ለቅቆ በቆላው ሙቀት ብዙ ከተጓዘ በኋላ ከመተማ ዮሐንስ ይደርሳል። ከተማዪቱ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ስም የተጠራችው፣ ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ በዚህ ቆስለው ስለ ዐረፉ ነው።

እኛም ስፍራውን በጎበኘን ጊዜ ያስደነቀን የድንበሩ ቅርበት ነበር። ሁለቱን አገሮች የምትለያቸው አንዲት ጠባብ ጅረት ናት፤ በላይዋም ድልድይ ተዘርግቷል። ከድልድዩ ማዶ ጋላባት፣ ከዚያም አልፎ በማሽላውና በሰሊጡ የታወቀው ገዳሪፍ ይገኛል።

በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ብዙ ወገኖቻችን በገዳሪፍ ግዛት፣ በኡም ራኩባ ተጠልለው ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ሱዳናውያን ሕፃናትን አዝለው ወደ መተማ ተሻገሩ። ትናንት አስጠጊ የነበረው ተጠጊ ሆነ። በእኛ በኩል ያገኙትም ዕረፍት ሙሉ አልነበረም፤ በኩመርና በአውላላ ከተጠለሉት ብዙዎቹ ጥቃት ስለ ደረሰባቸው በ2016 ዓ.ም. መጠለያውን ጥለው ወጡ።

ብድር በምድር ነውና፣ በድንበር የተሾመ ሰው እንግዳ ሲመጣበት ማዶ የተከፈተውን በር ማሰብ ይገባዋል። ጅረቲቱ ጠባብ ናት፤ ነገ ማን እንደሚሻገራት አይታወቅም።