ስለ ብስክሌት ጉዞና ስለ መሪው ሥልጣን

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ይህች አጭር ጽሑፍ በአንባቢያን ዓምድ እንድትወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ባለፈው የፋሲካ ዕረፍት፣ በአስጎብኚ ከሚመሩ ብስክሌተኞች ጋራ ከሐዋሳ ወደ ወንዶ ገነት ተጓዝሁ። አብዛኞቻችን የቢሮ ሰዎችና መምህራን ነበርን። ጧት ፀሐዩ ያቃጥል ነበር፤ ከቀትር በኋላ ግን በምሥራቅ ተራሮች ላይ ደመና ተከመረ፤ ነፋሱም ቀዘቀዘ። በስምጥ ሸለቆ የበልግ ጠባይ ይኸው ነው፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ወጥቶ ይቀዘቅዝና በነጐድጓድ ይመለሳል።

መሪያችን ወጣት ነው። መብረቅ ብልጭ ሲል ሰከንድ መቍጠር ጀመረ፤ ድምፁ በ20 ላይ ተሰማ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ መብረቁ ከ7 ኪሎ ሜትር አልራቀም ማለት ነው። ወዲያው አስቁሞን፣ ከዛፍ ሥር ሳይሆን ከአንድ ትምህርት ቤት አስገባን። ብዙዎች አጕረመረሙ፤ አንዱም «ለቀጣሪህ አመለክታለሁ» እስከ ማለት ደረሰ።

ወጣቱም በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ዝናቡን አልፈራም፤ የምፈራው መብረቁን ነው» አለ። የመጨረሻው ነጐድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ እስኪሞላ አላንቀሳቀሰንም። የራሰ ፍሬን ቶሎ ስለማይዝ፣ ስንነሣ ተራርቀን በዝግታ እንድንሄድ አዘዘ፤ ደካማውንም ከፊት አደረገ። አመሻሽ ላይ ሁላችንም በደኅና ገባን።

መሪ የሚከፈለው መንገድ ስላወቀ ብቻ አይደለም፤ «ቁሙ» ለማለት ስለሚደፍርም ነው። ስለዚህ አስጎብኚ ድርጅቶች ጉዞው ስለ ዘገየ መሪውን እንዳይወቅሱት፣ እኛም ተጓዦች ሥልጣኑን እንድናከብርለት አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋራ፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር