የጓሮ አትክልት ተባይን መከላከል፦ ቤተሰብን ሳይመርዙ

የጓሮዎ ጎመን ቅጠሉ ተበሳስቶ ወንፊት መስሎ ካገኙት፣ ወይም የቃሪያው ለጋ ቅጠል ተጨማድዶ በጀርባው ጥቃቅን አረንጓዴ ነፍሳት ከተከማቹበት፣ መጀመሪያ የሚመጣልዎት ሐሳብ «መድኃኒት ልርጭበት» የሚል ሊሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ ከዚያ በፊት ምን ማድረግ እንደሚቻል፣ መርጨት ግድ ከሆነ ራስንና ልጆችን እንዴት መጠበቅ እንደሚገባ፣ ሰው ከተመረዘ ደግሞ በፍጥነት ምን መደረግ እንዳለበት ያብራራል።

በቅድሚያ ስለ ስሙ አንድ ነገር እናንሣ። በተባይ ላይ የሚረጨውን ኬሚካል «መድኃኒት» ማለት ለምደናል። «የትል መድኃኒት» ሲባል ልጆች ለሆድ ትላትል የሚውጡት ክኒንም፣ ጎመን ላይ የሚረጨው ፈሳሽም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በአንድ ቤት፣ በአንድ ስም ሲጠሩ አደጋው ግልጽ ነው። በጓሮ የሚረጨውን በቤትዎ «መርዝ» ብለው ቢጠሩትና ልጆችም በዚህ ስም ቢያውቁት ይሻላል።

ተባዩን ማወቅ

ሁሉም ተባይ በአንድ መንገድ አይጠፋም። ክሽክሽ የሚባሉት ጥቃቅን ነፍሳት የቅጠሉን ፈሳሽ ይመጣሉ፤ የሚያጣብቅ ጣፋጭ ነገር ስለሚያወጡ ጉንዳን ይከተላቸዋል። ጉንዳን በተክሉ ግንድ ላይ ሲመላለስ ካዩ የቅጠሉን ጀርባ ይመልከቱ። ነጭ ዝንብ ተክሉ ሲነካ እንደ ዱቄት ብን ብሎ የሚነሣው ነው፤ የቲማቲም ቫይረስ ከተክል ወደ ተክል ያስተላልፋል። ማታ እየወጣ የችግኙን ግንድ ከሥሩ የሚቆርጠው ትል ቀን አፈር ውስጥ ይደበቃል፤ ስለዚህ ቅጠል ላይ መርጨት አይነካውም። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ወደ አገራችንም የገባው ቱታ አብሶሉታ የተባለው የቲማቲም ተባይ ደግሞ ቅጠሉንና ፍሬውን ሰርስሮ ውስጥ ስለሚኖር ከላይ የሚረጨው ኬሚካል በቀላሉ አያገኘውም።

የጎመኑ ትንሽ አረንጓዴ ትል ታሪክ ብዙ ያስተምራል። ሲነኩት እየተወራጨ በክር ተንጠልጥሎ የሚወርደው ነው። ይህ ነፍሳት ዲዲቲን መላመዱ በጃቫ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1953 ተመዝግቧል፤ ከዚያ ወዲህም በብዙ አገሮች ብዙ ዓይነት ኬሚካሎችን ተላምዷል። «ረጨሁበት፣ አልሞተም» ብሎ መጠኑን መጨመር ትሉን ሳይሆን ረጪውንና በላተኛውን ይጎዳል።

ደግሞም የተበሳ ቅጠል ሁሉ ርምጃ አይፈልግም። አድጎ የጠነከረ ጎመን ጥቂት ቀዳዳ ቢኖርበት ምርቱ አይቀንስም፤ ታጥቦ ይበላል። ለገበያ ካልሆነ በቀር ቀዳዳ የሌለው ቅጠል መፈለግ በቤት ጓሮ ብዙም ትርጉም የለውም።

ያለ ኬሚካል ምን ይሠራል?

ለትንሽ ጓሮ ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ዓይንና እጅ ነው። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ጠዋት ቅጠሎቹን ገልብጠው ይመልከቱ። በጀርባው ተጣብቀው የተደረደሩ ዕንቁላሎችን በጣት ይጭመቁ፤ ትሎችን ለቅመው ሳሙና ባለው ውሃ ውስጥ ይጣሉ። ዐሥርና ሃያ ሥር ጎመን ላለው ሰው ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ልጆችም ያለ ስጋት ሊያግዙ ይችላሉ። በቱታ የተሰረሰሩ የቲማቲም ቅጠሎችንና ፍሬዎችን ይልቀሙና በላስቲክ ከረጢት አስረው ፀሐይ ላይ ያቆዩ እንጂ እዚያው መደቡ ሥር አይጣሉ። ለቆራጩ ትል፣ ከላይም ከታችም የተከፈተ የጣሳ ወይም የካርቶን ቀለበት በችግኙ ዙሪያ ጥቂት አፈር ውስጥ ገባ አድርጎ ማቆም ይበቃል።

ለክሽክሽና ለነጭ ዝንብ የሳሙና ውሃ ይረዳል። በ1 ሊትር ውሃ ከ1 እስከ 2 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በቂ ነው። የዱቄት ሳሙና፣ በተለምዶ ኦሞ የምንለው፣ ቅጠል ስለሚያቃጥል አይጠቀሙ። ሳሙናው የሚገድለው ሲነካቸው ብቻ ስለሆነ የቅጠሉ ጀርባ እስኪርስ መርጨት ያስፈልጋል፤ ከደረቀ በኋላ ኃይል የለውም። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቅጠል ላይ ይሞክሩ፤ በማግስቱ ካልጠወለጉ ፀሐይ ሲበርድ ሁሉንም ይርጩ። ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ መድገም ይኖርብዎታል። ብዙ ሰው አንድ ጊዜ ረጭቶ «አይሠራም» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ትንሽ ጥንዚዛ ክሽክሽ በላተኛ ናት፤ ረዘም ያለ ጠቆር ያለ ትል የሚመስለው ልጇም እንዲሁ። ጠንካራ ኬሚካል ሲረጭ መጀመሪያ የሚያልቁት እነዚህ ናቸው፤ ክሽክሹ ግን ቶሎ ስለሚራባ ጠላት በሌለበት ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ዩሪያ በብዛት ማድረግ ቅጠሉን ለስላሳና ለክሽክሽ የሚመች ያደርገዋል።

መደቡን በመረብ መሸፈንም ጥሩ ነው። ነገር ግን ለወባ መከላከያ የተሰጠዎትን አጎበር ለዚህ አያውሉት፤ ቦታው አልጋ ላይ ነው፣ የተነከረበትም ኬሚካል ለሚበላ ቅጠል የታሰበ አይደለም።

ከቤት የሚዘጋጁ ነገሮችም ይጎዳሉ

በትምባሆ የተዘፈዘፈ ውሃ መርጨት በብዙ ቦታ ይመከራል፤ እኛ አንመክርም። በውስጡ ያለው ኒኮቲን በቆዳ የሚያልፍ ኃይለኛ መርዝ ነው፤ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና የልብ ምት መዛባት ያመጣል። በዚያ ላይ ትምባሆ የቲማቲምና የቃሪያ ቫይረስ ሊያዛምት ይችላል። የኒም ፍሬ ጭማቂ ለብዙ ነፍሳት ይሠራል፤ ግን የኒም ዘይት የጠጡ ሕፃናት በጽኑ ታመው ያውቃሉና እንደ ማንኛውም መርዝ ተቆልፎ ይቀመጥ። ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ተወቅጦ የሚዘጋጀው ለሰው የመመረዝ ስጋቱ አነስተኛ ቢሆንም ዓይን ያቃጥላል፤ አስም ያለበት ሰው ባይረጨው ይመረጣል።

መርጨት ግድ ሲሆን

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ፀረ-ተባይ ሳይመዘገብ እንዳይሸጥና ጥቅም ላይ እንዳይውል ይደነግጋል። ለእርስዎ ይህ ማለት የታሸገ፣ መለያ ጽሑፍ ያለበትን ዕቃ ብቻ ይግዙ ማለት ነው። ከትልቅ ጀሪካን በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀንሶ የሚሸጥ ፈሳሽ ምንነቱ፣ ጥንካሬው፣ መጠኑም አይታወቅም፤ ሰው ቢመረዝ ሐኪሙ የሚያነበው ነገር የለም። በብዙ ዕቃዎች መለያ ግርጌ የቀለም መስመር አለ፦ ቀይ እጅግ አደገኛ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ሰማያዊ ዝቅ ያለ፣ አረንጓዴ ደግሞ በትክክል ከተጠቀሙበት ስጋቱ አነስተኛ የሆነ ነው። ቀይ መስመር ያለበት ነገር በቤት ጓሮ ቦታ የለውም። አረንጓዴውም ቢሆን መርዝ ነው።

የሚገዙት ለየትኛው ተክልና ለየትኛው ተባይ እንደተዘጋጀ የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ይጠይቁ። እህል ለማከማቸት የሚውለው የነቀዝ ክኒን ለጓሮ አትክልት አይደለም፤ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣል፣ ማርከሻም የለውም። ሰው በሚተኛበት ክፍል ጨርሶ መኖር የለበትም።

ሲረጩ ረጅም እጅጌ፣ ረጅም ሱሪ፣ ቦት ጫማና የጎማ ጓንት ያድርጉ። ብዙ ሰው አፍንጫውን ብቻ ይሸፍናል፤ አብዛኛው መርዝ የሚገባው ግን በቆዳ በኩል ነው፣ በተለይ ላብ ባለበት። ተራው የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ጨርቅ ተኑን አያስቀርም፤ ሲረጥብ ደግሞ መርዙን ፊትዎ ላይ ይይዛል። ነፋሱ ከኋላዎ ይሁን፤ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ፣ ንብ በማትወጣበት ሰዓት ይርጩ። የተደፈነ አፍንጫ ያለውን መርጫ በአፍ አይንፉ። በወጥ ማማሰያ አያማስሉ፣ በቡና ስኒም አይለኩ። ሲጨርሱ ሳይበሉና ሳያጨሱ ገላዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ልብሱ ከቤተሰቡ ልብስ ተለይቶ ይታጠብ። ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች፣ እንዲሁም ልጆች፣ ለመርጨት ቀርቶ ልብሱን ለማጠብም አይመደቡ።

የተረፈውን ለቅማል፣ ለቁንጫ ወይም ለትኋን መጠቀም በብዙ ቤት የሚደረግ ከባድ ስሕተት ነው። የልጅ ራስ ቆዳ መርዙን ቶሎ ያሳልፋል። የቅማል ማጥፊያ ከመድኃኒት ቤት ይግዙ። የቀረውን ፀረ-ተባይ በራሱ ዕቃ፣ ከመኖሪያና ከማድ ቤት ውጭ ቆልፈው ያስቀምጡ። ቁልፉ ለሕፃናት ብቻ አይደለም፤ በቤት ውስጥ ከባድ ጭንቀት ወይም ተስፋ መቁረጥ የገጠመው ሰው ካለ መርዝ ጨርሶ ቤት ውስጥ አይኑር፤ ሰውየውንም ወደ ጤና ባለሙያ ይውሰዱት። ባዶ ጠርሙስና ጀሪካን ታጥቦም ቢሆን ለውሃ፣ ለዘይት ወይም ለጠላ አይሆንም፤ ቀዳድተው ከጥቅም ውጭ ያድርጉት።

ወደ ገበታ ከመቅረቡ በፊት

በመለያው ላይ ከርጭት በኋላ እስከ መቁረጫው ድረስ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ይጻፋል። ለአንዱ 3 ቀን፣ ለሌላው 2 ሳምንት ሊሆን ይችላል። ቆስጣና ሰላጣ እየተቀነጠሱ የሚበሉ ስለሆኑ ይህን ቀን መጠበቅ ያስቸግራል፤ ስለዚህ በእነሱ ላይ ከናካቴው ባይረጭ ይሻላል።

የገዙትንም ሆነ ያመረቱትን በሚፈስ ውሃ እያሹ ይጠቡ፤ የጥቅል ጎመንን የውጭ ቅጠሎች ይጣሉ። ይህ በላዩ ያለውን ይቀንሳል፣ ወደ ተክሉ ውስጥ የገባውን ግን አያወጣም። አቼቶ ለጀርም ብለን የምንጠቀምበት ነው፤ የተረጨን ሰላጣ ንጹሕ ያደርጋል ብለው አይተማመኑበት። በሳሙናና በበረኪና አትክልት አይታጠብም።

መመረዝ እንዴት ይታወቃል?

እንደ ማላታይን፣ ዳያዚኖንና ፕሮፌኖፎስ ያሉ ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉ ፀረ-ተባዮች የነርቭ መልእክትን የሚያቆመውን ኢንዛይም ያግዳሉ። ነርቩ ያዘዘው ነገር ሳይቆም ይቀጥላል፦ ምራቅ፣ እንባና ላብ ይበዛል፤ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፤ የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ይጠባል፤ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፤ ሳንባ በፈሳሽ ተሞልቶ ትንፋሽ ያጥራል። መጀመሪያ ላይ ግን ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ብቻ ሊሆን ይችላል። ፀሐይ ላይ ሲረጭ የዋለ ሰው እንዲህ ሲሆን «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሽለታል፤ ሰዓቱም ያልፋል። በዚያ ቀን የረጨ፣ የተረጨበት ቦታ የሠራ ወይም የተጫወተ ሰው እነዚህ ምልክቶች ከታዩበት መመረዝ ነው ብለው ይነሡ።

ሰውየውን ከቦታው ያርቁ። ራስዎ ጓንት ወይም ላስቲክ አድርገው ልብሱን ያውልቁ፤ ገላውንና ፀጉሩን በብዙ ውሃና በሳሙና ይጠቡ። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ያለማቋረጥ ይጠቡ። ከጠጣ እንዲያስመልስ አያስገድዱ፤ ፈሳሹ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ወተት ማርከሻ አይደለም፣ ዘይትና እንቁላልም እንዲሁ። ራሱን ከሳተ በግራ ጎኑ ያስተኙ። መርዙ በአፉ ወይም በፊቱ ላይ ካለ በአፍ ለአፍ ትንፋሽ አይስጡ።

እነዚህን ሲያደርጉ ሌላ ሰው መኪና ወይም አምቡላንስ ይፈልግ፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች በማንኛውም ሰዓት የመርዝ መረጃ ማዕከልን በ1-800-222-1222 በነፃ ማግኘት ትችላላችሁ። ዕቃውን ከነመለያው ይዘው ይሂዱ፤ ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት፣ በቆዳ ይሁን በአፍ እንደገባ ይንገሩ። አትሮፒን የተባለው መድኃኒት በጤና ተቋም የሚሰጠው ሕመምተኛው እየታየ ስለሆነ፣ ምልክቱ ቀለል ቢልም ሐኪሙ ሳያሰናብት ወደ ቤት አይመለሱ። ከዳነ በኋላም የታገደው ኢንዛይም ወደ ቦታው እስኪመለስ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ጥቂት መርዝ እንኳ እንደገና ሊጥለው ስለሚችል፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ መርጫውን ሌላ ሰው ይያዝለት።